ላይኛው ሰማይ ገና አልሰማም

ለልጄ ሚስት፣ ለእኔም ለልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እናትሽን ጉልበቷ ተሻላት? አባትሽስ ሩዙን አጨደ ወይስ ዘንድሮም ዝናቡ እያሾፈበት ነው? ሞሪዮካ ብርዱ ከወዲሁ ገብቷል አሉ። አንቺ ደግሞ ሳሳ ያለ ልብስ ትወጃለሽና በሞቴ ደርበሽ ልበሺ። እኛ ደህና ነን። እኔን ወገቤን ያመኛል፣ ሽማግሌው ባሌን ጥርሱን ያመዋል። ሐኪም ጋ ሂድ ስለው ግን ጥርሱ ይድንና ጆሮው ይደነቁራል። ጀልባዋም ደህና ናት፤ ሞተሯ ጠዋት ጠዋት ካልተሰደበ አይነሳም እንጂ።

ወደ ወላጆችሽ ከተመለስሽ ወዲህ ስጽፍልሽ ከደረቀ ዓሣና ከባሕር ቅጠል ጋር የምትጠቀለል ቁራጭ ወረቀት ነበረች። ዛሬ ዓሣም ቅጠልም የለም፤ ወሬ ብቻ ነው። ወሬው ረዘም ይላልና ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገድሽ እንዳታነቢው። ቤት ግቢ፣ እግርሽን ሸፍኚ፣ ሻይ ቅጂ፣ ከዚያ አንብቢ።

ነገሩ ስለ ዩሳኩ ነው። ሌላ ስለ ምን ይሆናል? ልጄ፣ ያንቺ ባል፣ በዚያ በመስከረም ማዕበል ወጥቶ ከቀረ አምስት ዓመት ሞላው። ሰውም አልተመለሰ፣ ጀልባም አልተመለሰች፣ ከጀልባዋ አንዲት ጣውላ እንኳ አልተገኘችም። አንቺም እስከ ዛሬ ሚስትም አይደለሽ፣ ባሏ የሞተባትም አይደለሽ። ፍርድ ቤቱ «ማመልከቻሽን አስገቢና ሞቱን እናውጅልሽ» ካለሽ ስንት ጊዜው ነው! አንቺ ግን «አባባ የስማቸውን ማኅተም ሳያሳርፉበት አላስገባም» ብለሽ ቁጭ አልሽ። ሕጉ የእሱን ማኅተም አይጠይቅም፤ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ። አክብሮትሽ ልቤን ይነካዋል። አንዳንዴ ደግሞ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ትከሻሽን ይዤ ልነቀንቅሽ ያምረኛል። ወጣትነት እኮ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ሽማግሌው ያው ነበር። ለመንገደኛ በሰላም እንዲመለስ የሚቀርበውን ትሪ በየጠዋቱ አቅርቢለት ይለኛል። ሩዙን፣ ሾርባውን፣ አንዲት ጥብስ ዓሣ፣ መብያ እንጨቱን አስተካክዬ አቀርባለሁ። ሲቀዘቅዝ ማን ይጥለዋል? እኔው እበላዋለሁ። የልጄን ቁርስ እየበላሁ ወፈርኩልሽ። ጎረቤት «ኧረ ኢዋኪቺ፣ ልጅህን ቅበረው፣ ነፍሱ ትረፍ» ሲለው የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፤ «ላይኛው ሰማይ ገና አልሰማም» ይላል። ሰው ሽማግሌው ጃጀ ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል።

ከየት እንዳመጣው የምናውቀው እኛ ነን። አንቺም የሾርባውን ጭልፋ ይዘሽ እዚያው ቆመሽ ነበር። ማዕበሉ ካለፈ በዓመቱ ነው፤ እነዚያ ከሴንዳይ የሚመጡት የአየር ሰዎች እንደ ልማዳቸው እኛ ቤት አርፈው ነበር። ከኮረብታው ላይ ያን ቤት የሚያህል ፊኛ ይለቃሉ። ከሥሩ የብረት ጠርሙሶች የታጨቁበት ሣጥን ይንጠለጠላል። ጠርሙሶቹ ከፍታ በከፍታ ተራ በተራ እየተከፈቱ አየር ይጠጡና ይዘጋሉ። በኋላ ሣጥኑ በፓራሹት ባሕር ላይ ይወርዳል፣ የእኛ ጀልባ ሄዳ ታነሳዋለች። ይህን ለአንቺ መተረክ ባያስፈልግም ከጀመርኩ አላቆምም፣ ታውቂኛለሽ።

ያን ምሽት እራት ላይ ማንም ቃል አይተነፍስም ነበር። ሽማግሌው ከማዕበሉ ወዲህ አፉን ለምግብ ብቻ ነበር የሚከፍተው። ከአየር ሰዎቹ አንዱን፣ መምህር ኑማታን፣ ዝምታው ጨነቀው መሰለኝ፣ ስለ ሥራው ማውራት ጀመረ። ሚቴን ስለሚባለው ጋዝ ነበር የሚያወራው። በአባትሽ የሩዝ ማሳ ውስጥ ጭቃው ሲረገጥ ቡልቅ ብሎ የሚወጣው፣ ከረግረግ የሚወጣው፣ ላም ስታገሳ ከአፏ የሚወጣው እሱ ነው፣ ከዚያ ወደ ሰማይ ይወጣል አለ። ቶራዞ፣ ያ መርከበኛችን ለቀልድ መች ይሰንፋልና፣ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ገነት መግባቴን ሳላውቅ የላም ግሳት ቀድሞኝ ገባ ማለት ነው?» አለና አንቺ ሾርባ አፈሰስሽ። መምህሩም ሳቀና ቀጠለ። ጋዙ ወደ ላይ የሚወጣው በቀስታ ነው፤ የሚበዛው በሞቃት አገሮች በኩል ወጥቶ ነው ወደ እኛ ሰማይ የሚመጣው። እየወጣ ሲሄድ ፀሐይ ትፈጨዋለች፣ ስለዚህ ከፍ በተባለ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። እታች ምድር ላይ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። እላይም ይበዛል፣ ግን ዘግይቶ ነው። የዛሬዋ የላይኛዋ ጠርሙስ የምትይዘው ዛሬ ምድር ላይ ያለውን ሳይሆን ከዓመታት በፊት የነበረውን ነው አለ።

ቀጥሎም ያቺን ነገር ተናገረ። «ላይኛው ሰማይ የምድርን ወሬ የሚሰማው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው» አለ።

ሽማግሌው ሳህኑን አስቀመጠ። «አምስት ዓመት?» አለ። ድምፁን ከሰማን ስንት ወሩ! «በግምት» አለ መምህሩ። «እንግዲያው ያንን ማዕበል እላይ ያሉት ገና አልሰሙም?» ሲለው፣ መምህሩ ሽማግሌው አፍ በመክፈቱ ደስ ብሎት «አዎ አባባ፣ ገና አልሰሙም» አለው። ምስኪን፣ ምን እንዳደረገ አላወቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽማግሌው መናገር ጀመረ፣ ባሕር መውጣት ጀመረ። መቅበር ግን እንቢ አለ። ላይኛው ሰማይ እስኪሰማ ብሎ ቀጠሮ ያዘ።

መምህሩ ያች ንግግሩ ሽማግሌውን የት እንዳደረሰችው ያወቀው በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ነው። አንቺ ነሽ የነገርሽው፤ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ በጓሮ ቆማችሁ ስታወሩ አይቻለሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አንቺ ደግሞ ልታጽናኚው ትሞክሪ ነበር፣ አንቺው ተጎድተሽ አንቺው አጽናኝ! ውኃውን ሳልቀዳ ተመለስኩ።

ዘንድሮ አምስት ዓመቱ ሞላ። ሽማግሌው ከፀደይ ጀምሮ እያንጋጠጠ ሰማይ ማየት አበዛ። እኔ ቀጠሮው ደረሰልኝ፣ አሁን ልጄም ያርፋል፣ አንቺም ታርፊያለሽ ብዬ ደስ አለኝ። እሱ ግን ከሳ። መረብ ሲጠግን እጁ ይቆምና ፈዞ ይቀራል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቀኑን ሲጠብቅ አልነበረም፣ ሲፈራው ነበር የኖረው።

የአየር ሰዎቹ በጊዜያቸው መጡ። መምህር ኑማታ ከሁሉ በኋላ ብቻውን ደረሰ፤ ባልደረቦቹ ከሴንዳይ በቀጥታ ሲመጡ እሱ በሞሪዮካ ዞሮ ነው የመጣው። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ብስኩት አመጣልኝ፣ ያንን በእናንተ ሰፈር ብቻ የሚጋገረውን። «መንገዱ ረዘመብህ?» አልኩት። «አይ እማማ፣ ባቡሩ ምቹ ነበር» አለና ጆሮው ቀላ። እኔ ብስኩቱን በላሁ፣ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። ጥሩ ብስኩት ነው።

ዘንድሮ እሱም ጭንቅ ላይ ነበር። ባለፈው ዓመት ነፋሱ አስቸግሯቸው ፊኛው አልተለቀቀም። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ሣጥኑ ሰጥሞ ቀረ። ከአሥር ዓመት በላይ የያዙት ልኬት ነው፤ እታች ምድር ላይ የጋዙ ዕድገት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቀዝቀዝ ብሏል፣ እላይም መቀዝቀዝ መጀመሩን ለማየት ነው ሁሉም የሚጠብቀው። ዘንድሮም ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ ክሩ ይበጠሳል አለኝ። ሽማግሌውም ያችኑ ሣጥን ይጠብቃል፣ ለራሱ ጉዳይ። አንድ ሣጥን፣ ሁለት የተጨነቁ ወንዶች፤ በመካከል እኔ ሩዝ እቀቅላለሁ።

ፊኛው በማለዳ ወጣ። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። እንደ ወትሮው መጀመሪያ ወደ ጥልቁ ባሕር ሄደ፣ ከፍ ካለ በኋላ የላይኛው ነፋስ ይዞት ወደ እኛ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ሣጥኑ ተቆርጦ ወረደ። ጀልባዋ ላይ ሽማግሌው መሪውን ይዟል፣ ቶራዞ ገመዱን፣ መምህሩ ሬድዮውን፣ እኔ ደግሞ እንደ ድሮዬ ሁሉንም እየተቆጣሁ ነበር። ሣጥኑ የወደቀበት ጋ ስንደርስ ከደቡብ በኩል ማዕበል መነሳት ጀምሮ ነበር። ከሚያንሳፍፉት የአየር ከረጢቶች አንዱ ተቀዶ ሣጥኑ በአንድ ጎኑ ተንጋዷል።

የጀልባዎቻችንን ደንብ አትረሺውም። ባሕር ላይ ተንሳፍፎ የተገኘ ነገር፣ ግንድም ይሁን ዓሣ ነባሪ ወይም የሰመጠ ሰው፣ ሳይጠየቅ አይነሳም። የጀልባው አለቃ «ዓሣ ትሰጠናለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ከጀልባው ሰዎች አንዱ በእሱ ቦታ ሆኖ «እሰጣለሁ» ይላል፤ ከዚያ ነው ገመድ የሚጣልለት። የአየር ሰዎቹ መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ሣጥናቸው ሲጠየቅ በሳቅ ፈነዱ። መልሱ ሳይሰጥ ማንም እጁን እንደማያነሳ ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡ። ለሣጥኑ የሚመልስለት ሁልጊዜ ቶራዞ ነው፤ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ «እሰጣለሁ ጌታዬ፣ ቱናም ጨምሬ እሰጣለሁ» ይላል።

ሽማግሌው ሞተሩን አጠፋ። ቆቡን አወለቀ።  ቶራዞ አፉን አሹሎ ተዘጋጅቷል። ከዚያ ሽማግሌው ሣጥኑን እያየ «አንተ ከላይ የመጣህ» አለው፤ «እዚያ ያሉት ስለ ልጄ ሰምተዋል ወይስ አልሰሙም?»

ቶራዞ «እሰ» ብሎ ጀምሮ አፉን ገጠመው።  ሣጥኑ ጀልባዋን ጓ! ጓ! ያደርጋታል። በተቀደደው በኩል ውኃ እየገባ ዝቅ ማለት ጀመረ። ቶራዞ በሹክሹክታ «ኧረ ኢዋኪቺ፣ እየሰጠመ ነው፣ መጀመሪያ እናንሳውና ከዚያ ጠይቀው» አለ። «ሳይመልስ አይነሳም» አለ ሽማግሌው። ይህን ሲል ድምፁ አይጮህም፤ ሲጮህ ይሻለኛል።

እኔ መመለስ እችል ነበር። «ሰምተዋል» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን የእኔ ቃል መሆኑን ያውቅብኛል፣ እኔ ደግሞ ስለ ላይኛው ሰማይ ምን አውቃለሁ? የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። ቀስ እያልን ሁላችንም ወደ መምህር ኑማታ ዞርን። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ልጄ ሆይ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ። አንዲት ቃል ናት። «ሰምተዋል» ካለ ሣጥኑ ይነሳለታል፣ የአሥር ዓመት ሥራው ይተርፍለታል። ሌላም ነገር ይሆንለታል፤ እሱን ነገር አልጽፈውም። ደግሞ ውሸት እንኳ አይባልም፤ አምስት ዓመት ነው ያለው እሱ ራሱ፣ አምስት ዓመቱ ደግሞ ሞልቷል። በል እንጂ፣ በላት ልጄ፣ ተናገራት እያልኩ በልቤ ለመንኩት። የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጬ ጣቶቼ ደነዘዙ።

እሱ ተንበረከከ። እጁን ዘርግቶ ሣጥኑን ነካው፣ በሣጥኑ ቦታ ሆኖ የሚመልስ ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ «የሰሙ አሉ፤ ያልሰሙም አሉ» አለ።

ሽማግሌው ዓይኑ ፈጠጠ። «ምን ማለት ነው? አምስት ዓመት አላልከኝም? ሕፃን ነኝ የምታታልለኝ?» አለው።

«አባባ፣ ያን ጊዜ አሳጥሬ ነው የነገርኩዎት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ መምህሩ። አሁን የሣጥኑን ትቶ በራሱ አፍ ነበር የሚናገረው። «አምስት ዓመት ማለት ሁሉም ተደማምሮ ሲካፈል ነው። አየሩ ተያይዞ አይወጣም። ከበዓል እንደሚመለስ ሰው ነው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ቤቱ ይገባል፣ አንዱ ዘመድ ጋ ጎራ ይላል፣ አንዱ ሰክሮ መንገድ ይስትና በሳምንቱ ይመጣል። በዚች በላይኛዋ ጠርሙስ ውስጥ በቅርብ ከምድር የተነሳ አለ። ከማዕበሉ በፊት ተነስቶ እስካሁን ሲዞር የኖረም አለ፤ ተደባልቀው ነው ያሉት። እኔ ልለያቸው አልችልም።»

«ከማዕበሉ በፊት የተነሳው ዩሳኩን የሚያውቀው በሕይወት እያለ ነው» አለ ሽማግሌው።

«አዎ፣ እሱ በሕይወት እያለ ነው።»

«እሺ መቼ ያልቃል? ሁሉም የሚሰማው መቼ ነው?»

አሁንም ዕድል ነበረው። ሁለት ዓመት ቢለው፣ ሦስት ዓመት ቢለው፣ ሽማግሌው ያምነው ነበር። መምህሩ ግን ሣጥኑ ወደ ውኃው ሲገባ እያየ «አያልቅም አባባ» አለ። «በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ኋላ ኋላ እጅግ ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ የእኔ መሣሪያ አያየውም። ግን ጭራሽ የለም ብዬ አልዋሽዎትም። ያልሰማ ሁልጊዜ ትንሽ ይቀራል።»

 አበቃ አልኩ። ይህ ሽማግሌ ሰበብ ሲፈልግ ማለቂያ የሌለው ሰበብ ሰጠው፣ ልጄ እዚያ ሱቅ ውስጥ ታረጃለች አልኩ። አልዋሽሽም፣ ለአንድ አፍታ ያንን ሰው ጠላሁት። እውነት ተናጋሪ መሆን ሌላ ቀን አይደርስም ወይ?

ሽማግሌው ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። «ሁልጊዜ?» አለ። «ሁልጊዜ። ትንሽ» አለ መምህሩ። ሽማግሌው ቆቡን አጠለቀና በዚያ በለመድነው ድምፁ «ቶራዞ! ምን ተገትረህ ታየኛለህ፣ ገመዱን ጣል እንጂ! ዕቃው እየሰጠመ አይደል?» ብሎ ጮኸ። ቶራዞ በኋላ ሲያጫውተኝ፣ በሕይወቱ ስድብ እንዲህ የጣፈጠው ቀን የለም አለኝ። ሦስቱ ወንዶች እየተሳደቡ ጎተቱት፤ እኔም ወገቤን ረስቼ ያዝኩላቸው። አንደኛዋ ጠርሙስ ውኃ ገብቶባታል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው። መምህሩ ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ አጠባበቀ።

ወደ ወደቡ ተመለስን። የወደቡን ግንብ ካለፍን በኋላ፣ ሽማግሌው ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር «ነገ ሂጂና መነኩሴውን ጥሪው» አለኝ። እኔ እንደ ቂል «የትኛውን መነኩሴ?» አልኩ። «ስንት መነኩሴ አለን?» አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «እኔ እኮ የፈራሁት እኔ ከቀበርኩት፣ በሕይወት አለ ብሎ የሚያስበው አንድም እንዳይቀር ነው። እኔ ካቆምኩ ማን ይጠብቀዋል ብዬ ነው። እነዚያ ያልሰሙት ካሉ ይበቃል። እነሱ ይጠብቁት፤ እኛ እንቅበረው።»

መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። በአርባ ዓመት ትዳራችን ሲያለቅስ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ከኋላው ቆሜ አለቀስኩ። ቶራዞና መምህሩ ዓይናቸውን ከሣጥኑ አላነሱም። ደህና ሰዎች ናቸው።

መነኩሴው ቀኑን ቆርጦልናል፤ የዚህ ወር የመጨረሻው እሑድ ነው። ዩሳኩ የሚቀበር አካል የለውምና ማበጠሪያውንና ያንን አንቺ የጣፍሽለትን የሥራ ጓንቱን በሣጥን አድርገን እንቀብራለን። ትሪውም ከዛሬ ጀምሮ ከገበታው ተነስቶ ቤት ውስጥ ወዳለው የሙታን መንበር ሄዷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርሴን ብቻ በላሁ፣ ራበኝ። ፎቶውን መርጠሽ ይዘሽልኝ ነይ። ያንን ጥርሱ የሚታይበትን፣ ሲስቅ የተነሳውን አምጪ፤ እዚህ ያለው ሁሉ እንደ ፖሊስ ያኮረፈበት ነው።

እንደ ሚስቱ ነይ። ከፊት ረድፍ ከእኔ ጎን ትቀመጫለሽ። አልቅሺለት፣ የአምስት ዓመቱን እንባ እዚሁ አራግፊው። ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ እንደ ፈለግሽው ሆነሽ ተመለሺ። እዚህ ቤት ማንም የሚጠይቅሽ የለም፤ የሚጠይቅ ቢገኝ እኔ አለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር እዚህ ትተሽው የሄድሽውን ማመልከቻሽን ልኬልሻለሁ። ሽማግሌው ማኅተሙን ትናንት አሳረፈበት፤ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ነው የመታው። ማኅተሙን ጠርጎ ወደ ቦታው ሲመልስ፣ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ እንዲህ አለ፤ «ያ ሰው ያን ቀን ጀልባው ላይ አንዲት ቃል ቢዋሸኝ ኖሮ ይህችን ማኅተም አላሳርፍም ነበር። ከሁሉ ይልቅ መዋሸት የሚጠቅመው ሰው እሱ ነበር፤ አልዋሸም። ይህን ጻፊላት።» እኔ ደነገጥኩ፤ ይህን ያህል ጊዜ እኔ ብቻ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ዓሣ ከየት በኩል እንደሚመጣ ጠረኑን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ይህንን እንዴት ይስታል! ስለ ምን እንደ ተናገረ እኔ አላብራራም። ጻፊላት ስላለኝ ጻፍኩልሽ።

በይ እንግዲህ ደህና ሁኚልኝ። የባሕሩም የተራራውም አማልክት ይጠብቁሽ። በሄድሽበት ሁሉ ቤትሽ ይሙቅ፣ ገበታሽ ይሙላ፣ እግርሽ ሥር ልጅ ይሯሯጥ። ልጁ የእኔን ልጅ ባይመስልም ግድ የለኝም፤ አምጪልኝና ዓሣ ማጥመድ እናስተምረዋለን። ሽማግሌው ያኮርፋል፣ ከዚያ ከእሱ ትከሻ የሚያወርደው ይጠፋል።

ይህን ደብዳቤ አማትሽ ብዬ ልፈርም ብዕሬን አንስቼ ነበር። ማኅተሙ ካረፈ በኋላ ግን ያ ስም ብዙ አይቆይም። የሚቆየውን ጻፍኩልሽ፤

እናትሽ